ምርቃት ቀብድ አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁላችንም ማኔጅመንት ነው የተማርነው። ባለሱቆች ሱቃቸውን ሳይዘጉ ከጅምላ ሻጭ ዕቃ የሚያዙበት አፕ ልናሠራ ነው። ለ140 የደሴ ባለሱቆች መጠይቅ በትነን 126ቱ ‹እንጠቀማለን› ብለው ሞልተውልናል። እህቴ ከአረብ አገር የላከችው 450 ሺህ ብር አለ። አንድ የሶፍትዌር ድርጅት 380 ሺህ ጠይቆናል፤ በቀረው ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ መጋዘን ለመከራየት አስበናል። ስለ ሊን ስታርትአፕ አንብበናል፤ በትንሹ ጀምሩ ይላል። የአፑን ግማሽ አሠርተን እንጀምር ወይስ ሙሉውን?»

ግማሹንም አታሠሩ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ከ126ቱ እንጀምር። ልባችሁን የሞላው ይህ ቁጥር እንደሆነ ይገባኛል። ግን እስቲ መጠይቁ ሲሞላ የነበረውን መልሰህ አስበው። ሦስት ጨዋ ልጆች ወረቀት ይዘው ሱቅ በር ላይ ቆሙ። ባለሱቁ ወሎዬ ነው። የሰፈሩን ልጅ ፊት ለፊት «ይሄ ነገር አይሆንም» ብሎ አንገት የሚያስደፋ ስንት ሰው አለ? «አብሽሩ፣ አሪፍ ነገር ነው፣ አላህ ያግዛችሁ» ይላል። ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርግና ወደ ገበያተኛው ይዞራል። መረቃችሁ ማለት ነው። ምርቃት ከኪሱ ምንም አያስወጣውም።

ሌላም ነገር አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ስለ ሽያጭ የሚጠይቅ ሰው ለባለሱቅ የሚያስታውሰው ገቢዎችን ነው። «በሳምንት የስንት ብር ዕቃ ታስገባለህ?» ብላችሁ ከሆነ፣ የተሞላላችሁ መልስ ለግብር ሰብሳቢ የሚነገረው ቁጥር ነው ብላችሁ ያዙት።

ከሁሉ የባሰው ጉድለት ግን የጥያቄው ጊዜ ነው። «እንዲህ ያለ አፕ ቢኖር ትጠቀማለህ?» ማለት ስለ ነገ መጠየቅ ነው። ስለ ነገ ከተጠየቀ ሁሉም ሰው ይቆጥባል፣ ስፖርት ይሠራል፣ በአፕ ያዛል። ሰው የሚታወቀው ባለፈው ሳምንት ባደረገው ነው።

እኔም በዚሁ ነው የተቃጠልኩት። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ላይ ለፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ አብስዬ ላደርስ ተነሳሁ። 60 ሠራተኛ ጠየቅሁ። «ኧረ በጣም ጥሩ ነው፣ መቼ ነው የምትጀምረው?» ያላለኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ድስቱን፣ ማቅረቢያውን ገዛሁ። ሁለት ወጥ ሠሪ ቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን የ80 ሰው ምሳ ሠርተን የተሸጠው 9 ነው። ነገሩ የገባኝ በኋላ፣ በምሳ ሰዓት አጥሩ ጥግ ተቀምጬ ሳይ ነው። ሠራተኞቹ አራት አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። ከየቤታቸው ያመጡትን ምሳ ዕቃ ይከፍቱና አንድ ላይ ይበላሉ። የእኔን ምሳ የሚገዛ ሰው ከዚያ ክብ ተነጥሎ ብቻውን መብላት ነበረበት። ይህን በመጠይቅ ማንም አይነግርህም። ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ማየት ይበቃ ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን ከሁለት ወር ኪሳራ በኋላ ነው።

ይህን ግማሽ ሰዓት በሥርዓት ያስቀመጠው ስቲቭ ብላንክ የሚባል የሲሊከን ቫሊ ሰው ነው። በስምንት ጀማሪ ኩባንያዎች ውስጥ ሠርቷል፤ በኋላም ማስተማር ጀመረ። የሚለው ነገር ቀላል ነው። ትልቅ ኩባንያ ደንበኛውን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ያቅዳል፣ ያቀደውን ይፈጽማል። ጀማሪ ኩባንያ ያለው ግን ግምት ብቻ ነው። ግምቱ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ከቢሮ ወጥቶ ደንበኛው ካለበት ሲኬድ ነው። ደረጃዎቹ አራት ናቸው። መጀመሪያ ደንበኛውንና ችግሩን ታገኛለህ። ቀጥሎ ገንዘብ ከፍሎ እንደሚገዛ፣ ደግሞም እንደሚመለስ ታረጋግጣለህ። ከዚያ ገበያውን ታሰፋለህ። ኩባንያ መገንባት መጨረሻ ላይ ነው። እናንተ ከመጨረሻው ነው የጀመራችሁት፤ መጋዘኑ ምስክር ነው።

ኤሪክ ሪስ የብላንክ ተማሪ ነበር። የመምህሩን ሐሳብ ብክነትን ከሚቀንሰው የቶዮታ የአመራረት ዘዴ ጋር አጋብቶ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሊን ስታርትአፕ» በሚል መጽሐፍ አወጣው። «ሊን» የሚለው ስም ከዚያ ከቶዮታው ወገን የመጣ ነው። እኛ አገር ለስህተት የዳረገንም ይኸው ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ሰው ብክነት መቀነስን የሚያውቀው ካይዘን በሚባለው የጃፓኖች አሠራር በኩል ነው። ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ፣ ጊዜና ጥሬ ዕቃ መቆጠብ። ስለዚህ ሊን ስታርትአፕ ሲባል «በርካሽ መሥራት» ማለት ይመስለዋል። «ግማሹን እናሠራ?» የሚለው ጥያቄህም ከዚህ ነው የመጣው። በሊን ስታርትአፕ ግን ትልቁ ብክነት የሚባለው ማንም የማይፈልገውን ነገር መሥራት ነው። ማንም የማይፈልገው አፕ በ380 ሺህም ተሠራ በ190 ሺህ፣ ገንዘቡ ገደል ነው የገባው።

«በትንሹ ጀምሩ» ሲባል የሚነሳው ኤምቪፒ (ለሙከራ የሚበቃ ትንሹ ምርት) ቢሆንም የምርት ግማሽ አይደለም። ሥራህ የተንጠለጠለበት አንድ ግምት አለ፤ እሱ እውነት ካልሆነ ሁሉም ይፈርሳል። ያንን ግምት የምትፈትንበት ትንሹ ሥራ ኤምቪፒ ይባላል። ደብተርና ስልክ ሊሆን ይችላል። ዛፖስ የተባለው የአሜሪካ የጫማ መሸጫ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲጀመር መጋዘን ሙሉ ጫማ አልገዛም። መሥራቹ በአካባቢው ጫማ ቤቶች ገብቶ ጫማ ፎቶ እያነሳ ኢንተርኔት ላይ አወጣ። ሰው ሲያዝ ሄዶ በሱቁ ዋጋ ገዝቶ ላከ። በእያንዳንዱ ጫማ አያተርፍም ነበር፤ ግን ሰው ሳይለካ ጫማ በኢንተርኔት እንደሚገዛ አወቀ። በተቃራኒው ዌብቫን የተባለው አስቤዛ አድራሽ በዚያው ዓመት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የመጋዘን ግንባታ ውል ፈረመ። ደንበኛው የታሰበውን ያህል አልመጣም። በ2001 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የኮምቦልቻዋን መጋዘን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

የእናንተ ሥራ የተንጠለጠለበት ግምት የቱ ነው? «ባለሱቁ ዕቃ ማዘዝ ይቸግረዋል» የሚለው ነው። እስቲ አንድ ያየሁትን ልንገርህ።

አንድ ማለዳ ሰኞ ገበያ አካባቢ የማውቃቸው ሴትዮ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩና ስልካቸውን አነሱ። ባለ ቁልፏ ትንሿ ስልክ ናት። «ሀጂ፣ ደህና አደሩ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሳሙና ሁለት ካርቶን፣ ማካሮኒ አንድ፣ ዘይት ካለ ባለ አምስቱን ጣል ያድርጉልኝ። ያለፈውን ሰኞ እሰጥዎታለሁ።» ዘጉ። ሰላምታው ተጨምሮ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ረፋድ ላይ ባጃጅ መጣ። ልጁ ካርቶኖቹን አወረደ፣ ሳሙናውን ራሱ ጥግ ላይ ደረደረላቸውና ሄደ። የተከፈለ ሳንቲም የለም። ሴትዮዋ ከሚዛኑ ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። ቀኑን ጻፉ፣ ብሩን ጻፉ፣ መልሰው ሸጎጡት።

አፓችሁ የሚወዳደረው ከዚህ ጋር ነው። ማዘዙ ድሮም አንድ ደቂቃ ነው። ሴትዮዋን ከጅምላ ሻጩ ከሀጂ ጋር ያሰራቸው ዱቤው ነው። ሰኞ የሚከፈል ዕቃ ማለት እሳቸው ለሳምንት ያለ ወለድ የሚነግዱበት ገንዘብ ነው። ከዚያም በላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንት ሱቅ እንደተዘረፈ እናንተም ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ባዶ መደርደሪያቸውን በዱቤ የሞሉላቸው ሀጂ ናቸው። ዘይትና ስኳር በጠፋ ሰሞን ደግሞ የተገኘችው ትንሽ ዕቃ የምትደርሰው ለነባር ደንበኛ ነው። አፕ የሌለ ዘይት አይወልድም። አሁን ታዲያ ሴትዮዋ በካርቶን አሥር ብር ስለቀነሳችሁላቸው ከሀጂ ደብተር ይወጣሉ? አንዳንዱ ባለሱቅ ይወጣ ይሆናል፤ ሁሉም ሱቅ አንድ አይደለም። ግን ይህን ሳታውቁ 380 ሺህ ብር አይወጣም።

ሌላው የተረሳው ሰው ሀጂ ራሳቸው ናቸው። 140 ባለሱቅ ጠይቃችኋል። ስንት ጅምላ ሻጭ ጠየቃችሁ? በጥያቄህ ውስጥ አንድም የለም። የሚጠቀመውና የሚከፍለው ሰው ሲለያዩ ሁለቱም ደንበኛ ናቸው፤ ሁለቱንም ማጥናት ግድ ነው። እናንተ ከየትዕዛዙ የምትወስዱት ኮሚሽን የሚወጣው ከጅምላ ሻጩ ትርፍ ነው። በሳሙናና በስኳር ላይ ያ ትርፍ ቀጭን ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። አንድ ሱቅ በሳምንት የ20 ሺህ ብር ዕቃ በእናንተ በኩል አዘዘ እንበል። እናንተ 1 በመቶ ብትወስዱ 200 ብር ነው። ሱቁ በሳምንት ሁለቴ ቢያዝና በየጊዜው የባጃጅ 150 ብር እናንተ ብትችሉ 300 ብር ይወጣል። በአንድ ሱቅ በሳምንት 100 ብር ኪሳራ። 126ቱም ቃላቸውን ጠብቀው ቢመጡ በሳምንት 12,600 ብር ትከስራላችሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው በወደደው ቁጥር ቶሎ ይሞታል። ዕቃው ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይብሳል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ስድስት ሳምንት ስጡት። ከእጃችሁ የሚወጣው ብር ከ25 ሺህ አይለፍ። የቀረው ባንክ ይቀመጥ። አፕ የሚለውን ቃል አታንሱ።

መጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በአንድ ሰፈር ያሉ 20 ሱቆች ዘንድ ሂዱ። የዘመድና የጓደኛ ሱቅ አይቆጠርም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ያውራ፣ አንዱ ያዳምጥ፤ የሚጻፈው ከወጣችሁ በኋላ ነው። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል፣ ቡና ሲፈላ ብትደርሱ የተሻለ ነው። አቦሉ ላይ የምትሰሙት ምርቃት ነው፤ እውነተኛው ወሬ ቶና ላይ ይጀምራል፣ በረካ ላይ ይወጣል። አትቸኩሉ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ስላለፈው ይሁኑ። «ባለፈው ሳምንት ምን ዕቃ አለቀብዎት? ያን ጊዜ ምን አደረጉ? ከማን አመጡ? መቼ ከፈሉ? ለመጨረሻ ጊዜ ዕቃ ፍለጋ ሱቅ የዘጉት መቼ ነው?» ሱቅ የዘጋ ሰው ካጣችሁ፣ አፑ የሚፈታው ችግር የለም ማለት ነው። አንድ ሰው ችግሩን ለመፍታት ራሱ ገንዘብ ወይም ጉልበት አውጥቶ ከሆነ ግን ጆሯችሁን አቁሙ። ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ሱቅ የሚያስጠብቅ አባት ካገኛችሁ፣ ያ እውነተኛ ችግር ነው። በዚያው ሁለት ሳምንት አምስት ጅምላ ሻጮች ዘንድ ተቀመጡ። አንዱን ቀን ሙሉ ዕቃ አድራሹ ባጃጅ ላይ ተሳፈሩ። ባጃጅ ነጂው ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያንገላታ ከማንም በላይ ያውቃል።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በእጅ ሥሩት። አንድ ጅምላ ሻጭ፣ አሥር ሱቅ፣ አንድ ስልክ ቁጥር፣ አንድ ደብተር። ማታ ትዕዛዝ ትቀበላላችሁ፣ ጠዋት ዕቃው ይደርሳል። አፑ ይሠራል ያላችሁትን ሁሉ እናንተ በእግራችሁ ትሠራላችሁ። ባለሱቁ «አሪፍ ነው» ሲላችሁ ምርቃቱን «አሜን» ብላችሁ ተቀበሉና ቀብድ ጠይቁ። ለመጀመሪያው ትዕዛዝ 500 ብር በቴሌብር። በዚህች ሰዓት ፊቱን እዩት። የከፈለ ሰው ደንበኛ ነው። ያልከፈለውን ደግሞ አትለፉት፤ ለምን እንዳልከፈለ የሚነግራችሁ ምክንያት ከ126ቱ መጠይቅ ይበልጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማለፊያውን ቁጥር ጻፉ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ በስድስተኛው ሳምንት ከአሥሩ ሱቆች ስድስቱ እኛ ሳንደውልላቸው ራሳቸው ደውለው ያዝዛሉ፤ ጅምላ ሻጩም ኮሚሽናችንን ያለ ጭቅጭቅ ይከፍላል። ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ለእህትህ ላኩላት። ገንዘቡ የእሷ ላብ ነው። ቁጥሩ ሳይሞላ ሲቀር «ትንሽ ብንጨምርበት እኮ» ማለት ስለሚመጣ፣ ቃላችሁ እሷ ዘንድ ይቀመጥ። ቁጥሩ ከሞላ ደብተሩ የማይችለው ሥራ የቱ እንደሆነ በራሱ ይታያችኋል። አፕ የሚሠራው ለዚያ ብቻ ነው። ምናልባት ትዕዛዝ መቀበል ሳይሆን ሒሳብ ማስታረቅ ሆኖ ታገኙት ይሆናል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገሮች አሉ። ዋጋ የሚቆርጠውና ደረሰኝ የሚሰጠው ፈቃድ ያለው ጅምላ ሻጩ ይሁን፤ ቀብዱም ወደ እሱ ሒሳብ ይግባ። ንግድ ፈቃድ ሳይኖራችሁ የሰው ገንዘብ በእጃችሁ አይደር። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። የዱቤን ኃይል ስታዩ «እኛም ዱቤ እንስጥ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ መምጣቱ አይቀርም። በእህትህ ብር እንዳታደርጉት። ሀጂ ዱቤ የሚሰጡት የሰዉን ዘር ማንዘር ስለሚያውቁ ነው። ማን ሰኞ እንደሚከፍል፣ ማን እስከ መጋቢት እንደሚያቆይ በዓመታት ተምረውታል። እናንተ ያንን ሳትማሩ ብትገቡበት 450 ሺህ ብር ወር አይሞላውም።

ሙከራው ካልተሳካ ፒቮት የሚሉት አለ። ከተማራችሁት ነገር ላይ አንድ እግር ተክላችሁ ሌላውን ማዞር ነው። ለምሳሌ ጅምላ ሻጮቹ የስንት ብር ዱቤ ሜዳ ላይ እንዳላቸው በቅጡ የማያውቁ ሆነው ብታገኟቸው፣ ደንበኛችሁ ባለሱቁ ሳይሆን እነሱ ይሆናሉ። እሱም ግን እንደገና በቀብድ ይፈተናል። በየሳምንቱ ሐሳብ መቀየር ፒቮት አይባልም።

ዘዴው የማይችለውም አለ። 20 ሱቅ ስለ ደሴ ሁሉ አይናገርም፤ ሙጋድ ላይ የሠራ ነገር ፒያሳ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ባቲና ወልዲያማ ሌላ ገበያ ናቸው። መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ የምታደርጉትን አይነግራችሁም፤ ስልክና ደብተር ይዞ መጀመር እዚህ ላይም ይረዳል። መድኃኒትና የሕፃናት ምግብ በመሳሰሉት ላይ ደግሞ «ሞክሮ ማየት» የሚባል ነገር የለም። ሙከራው በትክክል ተሠርቶም መልሱ «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ 425 ሺህ ብር ባንክ አለ፤ ሦስታችሁም ከማንም በላይ የደሴን ሱቅ ታውቃላችሁ።

ለሶፍትዌር ድርጅቱ ዛሬውኑ ደውልና ውሉን እንደማትፈርሙ ንገረው። ከስድስት ሳምንት በኋላ እንነጋገር በለው። ቀድማችሁ የከፈላችሁት ካለ እንዲመለስላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።